ሌጦ ሲጣል ሙያውም አብሮ ይጣላል፦ የጃናሞራ የቆዳ እደ ጥበብና የገበሬ ማኅበራት ድርሻ

እንደሚታወቀው በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፣ በተለይም በጃናሞራ፣ በደባርቅና በዳባት፣ ገበሬው ከእህሉ ባልተናነሰ የሚመካው በበጉ፣ በፍየሉና በበቅሎው ነው። መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩም በጎርፍ የታጠበ በመሆኑ የገብሱ ምርት ከዓመት ዓመት አያስተማምንም። ክፉ ቀን ሲመጣ በግ ተሽጦ እህል ይሸመታል፤ በዓል ሲመጣ ደግሞ በግ ታርዶ ሌጦው አጥር ላይ ይሰቀላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚያው አጥር ላይ ነው። ቀደም ሲል ነጋዴ ይሻማበት የነበረው ሌጦ ዛሬ ገዢ በማጣቱ ውሻ ሲጎትተው ይታያል። ይህንኑ ሌጦ አልፍቶ፣ ቀልሞና አስጊጦ ዝናር፣ ማኅደር፣ አገልግልና የበቅሎ ዕቃ ያደርግ የነበረው ባለሙያም ቁጥሩ እየተመናመነ ሄዷል። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለት ነገሮች የተለያዩ ችግሮች ተደርገው ይታያሉ። አንደኛው የገበያ፣ ሁለተኛው የባህል ጉዳይ ይባላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን ጉዳዩ አንድ ነው። ሌጦውን ወደ ዕቃ የሚለውጥ እጅ በአካባቢው ከሌለ ገበሬው የሩቅ ፋብሪካን ፊት ከማየት በስተቀር አማራጭ አይኖረውም።

ዝናር ሠሪው ምን ያውቅ ነበር?

ዝናር በጎንደር ገጠር የወንድ ጌጥና ትጥቅ ሆኖ የኖረ የጥይት መያዣ ነው። በወገብ ይታጠቁታል፤ አንዳንዱም በትከሻ ይነገታል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ብልሃት ይጠይቃል። የእያንዳንዱ ጥይት ማደሪያ ከሰፋ ጥይቱ በገደል መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ከጠበበ ደግሞ በሚፈለግበት ሰዓት አይወጣም። በመሆኑም ሠሪው ከውጅግራ እስከ ምንሽር የጠመንጃውን ዓይነት ለይቶ ማወቅ፣ ቆዳውን በልኩ መቁረጥና በጅማት ወይም በጠንካራ ክር አጥብቆ መስፋት ነበረበት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጌጡ ነው። የተለፋው ቆዳ ገና እርጥበት ሳይለየው በጋለ ብረት ይተኮሳል ወይም በጠርዝ ይጫናል። መስመር፣ መስቀል፣ ጥልፍልፍና ሐረግ ይወጣበታል። አንዳንዱም ሌላ ቀለም ያለውን ቀጭን የቆዳ ቁራጭ በስንጥቁ ውስጥ እያሳለፈ ይጠልፈዋል። ይህ ንድፍ በዝናር ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። የብራና መጻሕፍት የእንጨት ገበታ በሚለብሰው ቆዳ ላይ፣ መጽሐፉ በሚነገትበት ማኅደር ላይና በበቅሎው የአንገት ጌጥ ላይ የዚሁ ንድፍ ዘመዶች ይገኛሉ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት የብራና መጻሕፍት ሽፋንም የዚህን ጥበብ ደረጃ ይመሰክራል። የቤተ ክህነቱን መጽሐፍ ያለበሰውና የአዳኙን ጥይት የያዘው የሙያ ሥር አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ከጌጡ ባሻገር የእለት ተእለቱ የገበሬ ኑሮ በዚሁ ሙያ ላይ ቆሞ ነበር። እህሉና ዱቄቱ በስልቻና በአቅማዳ ይያዛል። መኝታው ጀንዲ፣ የብርድ መከላከያው ደበሎ ነው። አልጋው በጠፍር ይታታል፤ ሞፈርና ቀንበር የሚያያዙት በምራን ነው። መንገደኛ ስንቁን በቆዳ በተለበጠ አገልግል ይይዛል። ቆዳ ሠሪ የሌለበት መንደር ማረስም፣ መጫንም፣ መጓዝም ይቸግረው ነበር።

ሙያውን ያዳከሙት ምክንያቶች

ስልቻን የፕላስቲክ ከረጢት፣ ጀንዲን የስፖንጅ ፍራሽ፣ የቆዳ ዝናርን ከውጭ የሚገባ የሸራ ትጥቅ ተክቶታል። ጠመንጃውም ራሱ ተለውጧል። በካዝና የሚጎርስ መሣሪያ ለያዘ ሰው የነጠላ ጥይት ማደሪያ አይጠቅመውም። ከዚህም ሌላ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የተወሰነ አድርጎታል። ስለዚህ የዝናር ገበያ ወደ ቀድሞው ይመለሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ሊጠበቅ የሚችለው ዝናሩን የሠራው እጅ ነው። ልኩን የጠበቀ ማደሪያ መሥራት፣ የሚከደን ኪስ መስፋትና ጌጥ መተኮስ የሚችል ሰው የትከሻ ቦርሳ፣ የወገብ ኪስ፣ የመጽሐፍ መያዣና የመነጽር ቤት ለመሥራት አዲስ ሙያ መማር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ምክንያት ከፕላስቲኩ ይልቅ የቆየና የከፋ ነው። ይኸውም ባለሙያውን «ፋቂ» እያሉ ማንቋሸሽ ነው። ቆዳ የፋቀ፣ ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ የሠራ ሰው በጋብቻም ሆነ በማዕድ ሲገለል ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። ቀጥሎም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 በመሬት ላይ ሠርቶ ለማደር የሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ በመደንገጉ ቀድሞ ርስት ያልነበረው እደ ጥበበኛ ከገበሬ ጎን የሚሰለፍበት መንገድ ተከፈተ። በ1969 ዓ.ም. የእደ ጥበብ ሥራን የሚከታተል የመንግሥት ድርጅት ተቋቁሞ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ተሞክሯል። ሆኖም አዋጅ አፍን ቢዘጋም ልብን በአንድ ቀን አይለውጥም። የባለሙያው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ በአባቱ ሥራ ሲሰደብ የሚወስነው ውሳኔ ግልጽ ነው። ወስፌውን ጥሎ ይሄዳል። አባቱም «እኔ የተሰደብኩት ይበቃል» ብሎ አያስተምረውም። በዚህ መንገድ ትውልዶች ያከማቹት እውቀት አንድ ሰው ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

በአገር ደረጃ የሚታየው ሁኔታ

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የእንስሳት ቆጠራ ናሙና መሠረት አገሪቱ ከ70 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት፣ ወደ 43 ሚሊዮን የሚጠጋ በግና ከ52 ሚሊዮን በላይ ፍየል አላት። ቆዳና ሌጦ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ያስገኝ የነበረ ሀብት ነው። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 567 ጥሬና በከፊል ያለቀ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ እስከ 150 በመቶ ቀረጥ ተጣለበት። ዓላማው ቆዳው አገር ውስጥ ተሠርቶ ጫማና ቦርሳ ሆኖ እንዲወጣ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የጥሬ ቆዳና ሌጦ ግብይት አዋጅ ቁጥር 814 ወጥቶ ግብይቱን መልክ ለማስያዝ ተሞከረ።

ዓላማው መልካም ቢሆንም ውጤቱ ለገበሬው እንደታሰበው አልሆነም። ፋብሪካዎች የኬሚካልና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ገጠማቸው፤ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ አጠራቸው። በዓለም ገበያም ሰው ሠራሽ ቆዳ የእውነተኛውን ቦታ ተሻማ። ከገጠር የሚመጣው ሌጦ ደግሞ በእከክና በቢላ የተበላሸ እየሆነ የገዢው ምርጫ ከዓመት ዓመት ጠበበ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በትላልቅ ከተሞች ሳይቀር በበዓል ማግስት ሌጦ በየመንገዱ ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ የተጣለ ሌጦ ከመካነ ብርሃን ተጭኖ ቢሄድ የመኪናውን ኪራይ እንኳ እንደማይመልስ ግልጽ ነው። ስለዚህ ለጃናሞራ ገበሬ «ገበያው ይሻሻላል» ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ ሌጦው በአካባቢው ዋጋ የሚጨምርበትን መንገድ መፈለግ ይበጃል።

ለጌጥ ሥራ የሚስማማው የትኛው ቆዳ ነው?

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ አንድ የሙያ ቁም ነገር አለ። ቆዳ እንዳይበሰብስ የሚደረገው በሁለት ዐቢይ መንገዶች ነው። አንደኛው በፋብሪካ በክሮም ኬሚካል ማልፋት ሲሆን ሥራው ፈጣን ነው፤ ቆዳውም ይለሰልሳል። ሁለተኛው ከዕፅዋት በሚገኝ ታኒን በሚባል ንጥረ ነገር ማልፋት ነው። የግራር ቅርፊት፣ የእምቧይ ፍሬና የመቅመቆ ሥር በአገራችን ለዚህ አገልግሎት ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ይህ ዘዴ ቀናትና ሳምንታት ይፈጃል። ሆኖም በዕፅዋት የለፋ ቆዳ እርጥበት ሲነካው የተጫነበትን ቅርጽ ይቀበላል፤ ሲደርቅም አይለቅም። በክሮም የለፋው ግን እንደ ላስቲክ እየተመለሰ ጌጡን አይዝም። በመላው ዓለም ኮርቻና ቦርሳ በእጅ የሚያስጌጡ ባለሙያዎች በዕፅዋት የለፋ ቆዳ የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለገጠሩ ባለሙያ የሚያበረታታ ነው። ፋብሪካው በብዛትና በፍጥነት ይበልጠዋል፤ በጌጥ ሥራ ግን የቤቱ ቆዳ ከፋብሪካው ይሻላል። ባለሙያው ከፋብሪካ ጋር መወዳደር ያለበት በሚበለጥበት ሳይሆን በሚበልጥበት መስክ ነው።

ሥራውን በቅደም ተከተል ለተመለከተው የሚከተለውን ይመስላል። ሌጦው በውኃ ተዘፍዝፎ ይርሳል። ሥጋና ሞራው በጥንቃቄ ይፋቃል፤ ፀጉሩም ይነሳል። ከዚያ የተወቀጠው ቅርፊት ወይም ፍሬ በውኃ ተበጥብጦ ሌጦው በውስጡ ይቆያል፤ በየጊዜውም ይገላበጣል። ከወጣ በኋላ ኑግ ወይም ተልባ እየተቀባ በእጅና በእግር ይታሻል። «ቆዳ ማልፋት» የተባለው ልፋት ስላለው ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በዚህ ሂደት ውስጥ ሦስት ጥፋቶች ሥራውን ገዢ ያሳጡታል። ሞራው በሚገባ ካልተፋቀ ቦርሳው ይሸታል። ቀለሙ በሚገባ ካልያዘ ልብስ ያበላሻል። የዛገ ብረት እርጥብ ቆዳ ከነካ ደግሞ ታኒኑ ከዝገቱ ጋር ተዋሕዶ የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ሦስቱም ያለ ብዙ ወጪ በጥንቃቄ ብቻ ሊወገዱ የሚችሉ ናቸው።

ሆኖም የዕፅዋቱ አጠቃቀም ልጓም ሊበጅለት ይገባል። ግራር ዙሪያውን ከተላጠ ይደርቃል። ስለሆነም ቅርፊቱ ከተገረዘ ቅርንጫፍ ብቻ ቢወሰድ፣ በየመንገዱ ዳር እንደ አረም የሚበቅለው እምቧይ ቢዘወተር ይመረጣል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የነበረ ሲሆን ከዚያ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህ ስም ለአካባቢው ዕቃ ገበያ የሚሰጥ ስም ነውና ከፓርኩ ክልል ቅርፊት መላጥ ወይም የዱር አውሬ ቆዳ ለጌጥ መጠቀም የገዛ ገበያን መዝጋት ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይህን እንደሚከለክል ባለሙያው ሁሉ ሊያውቅ ይገባል።

ገበያው ከቅርብ ይጀምራል

ስለ እጅ ሥራ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚጠቀሰው የውጭ ጎብኚ ነው። እርግጥ ደባርቅ የፓርኩ በር በመሆኑ ጎብኚ በነበረበት ዘመን የእጅ ሥራ ገዢ አልጠፋም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም የሰሜኑ ጦርነት የጎብኚውን እግር ምን ያህል እንዳሳጠሩት ታይቷል። በአንድ እግር የቆመ ገበያ ሲወድቅ ሙያውንም ይዞ ይወድቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚታሰበው የአካባቢው ፍላጎት መሆን አለበት። መኪና በማይገባበት የጃናሞራ ገደልና ሸንተረር በቅሎና አህያ ዛሬም ዋነኛ መጓጓዣ ናቸው። ኮርቻ፣ ልጓምና የጭነት ጠፍር በየጊዜው ያልቃሉ፤ ይታደሳሉ። አራሽ ገበሬ ሁሉ ምራን ይፈልጋል። አድባራትና ገዳማት ለመጻሕፍታቸው ማኅደር፣ ሠርገኛ ለስንቁ አገልግል ይሻሉ። ይህ ገበያ ትርፉ አነስተኛ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ በመሆኑ ባለሙያውን ከነቤተሰቡ ያቆየዋል። ያጌጠው የትከሻ ቦርሳ ደግሞ በዚህ ላይ የሚጨመር ገቢ ነው። ገዢውም የጎንደር፣ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ እንዲሁም አገሩን ሊጠይቅ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ሊሆን ይችላል።

ስምን አለማስነጠቅም አንድ ጉዳይ ነው። በሰሜን ናይጄሪያ ከሶኮቶና ከካኖ አካባቢ የሚወጣው የቀይ ፍየል ሌጦ ለዘመናት የሰሃራን በረሃ ተሻግሮ በሰሜን አፍሪካ በኩል አውሮፓ ስለሚገባ ዓለም ያወቀው «የሞሮኮ ቆዳ» በሚል ስም ነው። ያለፋው የሐውሳ ባለሙያ ድካም በሌላ ስም ተሸጠ። በአገራችን በአንጻሩ የባቲ ፍየል ሌጦ በመጣበት ገበያ ስም በዓለም ነጋዴዎች ዘንድ ሊታወቅ ችሏል። ከጃናሞራ የሚወጣ ያጌጠ ቦርሳም የቦታውን ስምና የሠሪውን ምልክት ይዞ ቢወጣ ገዢው ተመልሶ የሚፈልገውን ያውቃል።

የማኅበራቱ ድርሻ

የገበሬ ማኅበራት በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 71 ሕጋዊ ሰውነት ካገኙ ወዲህ ስያሜውና አደረጃጀቱ ተለዋውጧል። ቢሆንም ዛሬም በገጠሩ ሕዝብ አንደበት ቀበሌው «ገበሬ ማኅበር» ነው። መሪዎቹም ጉዳዩን ከሥር የሚይዙ እነርሱ ናቸው። ከበላይ የሚጠበቅ ብዙ ነገር ቢኖርም በእጃቸው ያለው ቀላል አይደለም።

አንደኛው የእርድ ጥንቃቄ ነው። እርድ በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀልና በገና ይበዛል። ለምሳሌ 300 አባወራ ባለበት ቀበሌ ግማሹ ለፋሲካ አንድ አንድ በግ ቢያርድ በአንድ ቀን 150 ሌጦ ይገኛል። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ማልፋት የሚችል ባለሙያ የለም። ስለዚህ ጨው ከበዓሉ በፊት መዘጋጀት አለበት። ሌጦው እንደተገፈፈ ሳይውል ሳያድር፣ የክብደቱን ሲሶ ያህል ጨው በሥጋው በኩል ቢነሰነስበት ለሳምንታት ይቆያል። ጨው ከሌለ በጥላ ሥር ነፋስ እያገኘው ተወጥሮ ይደርቃል እንጂ መሬት ላይ ወይም በጠራራ ፀሐይ አይሰጣም። ገፈፋውም ቆዳውን በቢላ ከመተልተል ይልቅ በተቻለ መጠን በጡጫ እየተገፋ ቢሆን ይመረጣል። በቢላ የተወጋ ሌጦ ለቦርሳ ፊት አይሆንም።

ሁለተኛው በሕይወት ያለው በግ ጤና ነው። ቅማል፣ ቅንቅንና ዓይን የማያየው የእከክ ተባይ በበጉ ገላ ላይ የሚተዉት ጠባሳ ቆዳው ለፍቶ ካለቀ በኋላ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ሌጦው በውጪ ሲታይ ጤነኛ ቢመስልም ጉዳቱ የተደበቀ ነው። አንዱ ገበሬ በጎቹን አስነክሮ ጎረቤቱ ሳያስነክር ቢቀር ተባዩ ከግጦሽ መሬት ላይ ተመልሶ ይመጣል። በመሆኑም ይህ ሥራ በነጠላ ገበሬ አይሆንም፤ ማኅበሩ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን ቆርጦ የመንደሩን በግና ፍየል በአንድ ጊዜ ሊያስነክር ይገባዋል። እንዲሁም ከብት ሲተኮስ ምልክቱ በጎንና በጀርባ ላይ ሳይሆን ቆዳው ብዙ ዋጋ በሌለው በእግር አካባቢ እንዲሆን ማስተማር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ባለሙያውን በስሙ መጥራት ነው። በቀበሌው ስንት ቆዳ ሠሪ አለ? ስንቱስ ከ50 ዓመት በላይ ነው? ስንት ወጣት አብሮት ይሠራል? ይህ ቆጠራ የአንድ ቀን ሥራ ቢሆንም ውጤቱ ዓይን ይከፍታል። ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት ቀበሌ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊያስተምር የሚችል ሰው አይኖረውም። ባለሙያው በስብሰባ ላይ ከፊት ሲቀመጥ፣ ስድቡ በሽማግሌ ፊት ሲዳኝ፣ ልጁም «የእጅ ባለሙያ ልጅ» ተብሎ ሲከበር ነው ሙያው ወራሽ የሚያገኘው። ገንዘብ ብቻውን ይህን አያመጣም።

አራተኛው መደራጀት ነው። አንድ ባለሙያ ብቻውን ጨው በርካሽ መግዛት፣ ወደ ጎንደር ዕቃ መላክ ወይም ለመሣሪያ መግዣ ብድር ማግኘት ይቸግረዋል። አምስትና ስድስት ሆነው ሥራ ቢከፋፈሉ ግን አንዱ ሲያለፋ ሌላው ይቆርጣል፤ ሌላው ያስጌጣል። በብዙ ቤት በጥልፍና በስፌት የተካኑት ሴቶች በመሆናቸው በዚህ ሥራ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል። የሂሳብ አያያዝን በተመለከተ የወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት፣ በንድፍና በጥራት ረገድ ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ እንዲያግዟቸው መጠየቅ የማኅበሩ መሪዎች ተግባር ነው። ማልፊያው ጉድጓድም ከመጠጥ ውኃ ምንጭ ርቆና ከመንደር ነፋስ በታች እንዲሆን ቦታ መስጠት ያስፈልጋል። ሽታውን ሰበብ አድርጎ ባለሙያውን ማግለል የተጀመረው ተስማሚ ቦታ ባለመሰጠቱም ጭምር ነውና።

እርግጥ ነው፣ የቆዳ እደ ጥበብ የጃናሞራን የእህል እጥረት ብቻውን አያስወግድም። የአፈር ጥበቃውን፣ የተሻሻለ ዘሩንና የመስኖውን ሥራ አይተካም። ሊያደርግ የሚችለው ግን የተወሰነና የሚጨበጥ ነው። ዛሬ ምንም የማያስገኘውን ሌጦ ለጥቂት ቤተሰቦች የዓመት ሥራ፣ ለበጉ ባለቤትም የጨውና የሳሙና መግዣ ማድረግ ይችላል። ለዚህም የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ በየአጥሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ሙያውም በጥቂት አረጋውያን እጅ ላይ አለ። ሌጦው በሚቀጥለው በዓልም ይገኛል። ሙያው ግን እስከ መቼ እንደሚጠብቅ የሚወሰነው በየቀበሌው ነው። የማኅበራቱ መሪዎች ከመጪው የበዓል እርድ በፊት ጨውን ማዘጋጀትና ባለሙያዎችን መመዝገብ ከሁሉ አስቀድመው ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ተግባራት ናቸው።